ዘጠነኛው ተራ ቁጥር

ሰኞ፣ መጋቢት 1

አንዱም አልተረፈም። ኛዳክ ብልቃጦቹን ከፍሪጁ እያወጣች ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው፤ የኩፍኙን ለብቻ፣ የፖሊዮውን ለብቻ። በየብልቃጡ ላይ አንዲት ትንሽ ካሬ አለች። ነጭ ከሆነች ክትባቱ ደህና ነው፣ ከጠቆረች ሙቀት ገብቶታል ማለት ነው። ሁሉም ጠቁረዋል። ኛዳክ የጤና ጣቢያችንን የክትባት ክፍል ስድስት ዓመት ብቻዋን ይዛለች። እንዲህ ሆኖባት አያውቅም።

እኔ የተጠራሁት ፍሪጁን እንዳይ ነው። ፍሪጁ ይሠራል። ጠዋት ነዋ። ጠዋት ጠዋት ሁሌም ይሠራል።

የበሩ ጎማ አርጅቷል፤ ፍሪጁ ከቆመ በኋላ ሁለት ሰዓት እንኳ ቅዝቃዜ አይዝም። በዚህ በጋምቤላ መጋቢት ደግሞ ሁለት ሰዓት ብዙ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ካለፈ የበሩ እጀታ ራሱ ያቃጥላል።

ኛዳክ አላለቀሰችም። ካርቶን አምጥታ ብልቃጦቹን መልሳ ከተተችና ላዩ ላይ «የተበላሸ» ብላ ጻፈች። የእጅ ጽሑፏ ያምራል። እኔ ጓንቴን አውልቄ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ስብሰባ። ስብሰባ አልወድም፣ የዛሬውን ደግሞ ለየት አድርጌ ጠልቼዋለሁ።

ኃላፊያችን አቶ ግርማ «ተጠያቂነት» የሚለውን ቃል ስንቴ እንዳሉት መቁጠር ትቻለሁ። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን በላይ ያለው ቢሮ ስለ ክትባቱ ደውሎ ጠይቋቸዋል፣ ስለዚህ ለሚቀጥለው ስልክ አንድ ስም ይፈልጋሉ። በእጃቸው ያለው ስም የኛዳክ ነው። ፍሪጁ በእሷ ስም የተመዘገበ ንብረት ነው።

«ኢንጂነር ሙሉ» አሉኝ። ኢንጂነር አይደለሁም። በኤሌክትሪክ ዲፕሎማ ያለኝ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። የሆነ ነገር ሲበላሽ ኢንጂነር እባላለሁ፣ ሲሠራ ሙሉ ነኝ። «ፍሪጁ ብልሽት አለበት ወይ?»

«ፍሪጁ ብልሽት የለበትም» አልኩ።

እውነት ነው። የጠየቁኝን ነው የመለስኩት። መብራት ይደርሰው እንደሆነ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልጨመርኩም። ኛዳክ ቀና ብላ አየችኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ባለሙያዋ ፍሪጁ ብልሽት እንደሌለበት አረጋግጣለች» ተብሎ ተጻፈ። ኛዳክ በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንድትሰጥ ተባለ።

ከዚያ ወዲህ ምግብ አልዋጥልኝ ብሏል። ሰው ሲጠይቀኝ በጾሙ አሳብባለሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ልጻፈው። ለሌላ ሰው መናገር ካቃተኝ ለዚህ ደብተር ልናገር።

መስከረም ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ ልጆች ሳጥን ገጠሙልን። ጥሩ ሳጥን ነው፤ ሳጥኑ ላይ ቅሬታ የለኝም። በየጣሪያው ያለውን ሶላር፣ ባትሪውንና ከመስመር የሚመጣውን መብራት አንድ ላይ ያስተባብራል። ጀኔሬተሩን ሊተካ ነው የመጣው፤ ተክቶታልም። የትኛው ቤት ስንት እንደሚወስድ በስክሪኑ ያሳያል። ኃይል ሲያንስ ደግሞ ሁሉንም ከማጥፋት ይልቅ ያነሰ የሚያስፈልገውን ይቆርጥና የበለጠ የሚያስፈልገውን ያቆያል። ለዚህም ዝርዝር ይፈልጋል፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ። ሲቆርጥ ከዘጠኝ ይጀምራል።

ዝርዝሩን ግቢው እንዲሞላ ቅጽ ሰጡን። ኮሚቴ ተሰበሰበ። ላቦራቶሪ ከፋርማሲ በታች አልጻፍም አለ። ዕቅድ ክፍሉ «ታዲያ እኛ ቀልድ ነን?» አለ። የሰው ሀብቷ ተቀይማ ወጥታ ተለምና ተመለሰች። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ተጨቃጨቅን። ፍሪጁ አንደኛ ይሁን ብሎ መናገር ማለት የኃላፊው ቢሮ ሁለተኛ ይሁን ማለት ነው፣ ያንን ደግሞ አቶ ግርማ ከፊታችን ቁጭ ብለው ማን ይበለው?

በመጨረሻ ጸሐፊዋ መፍትሔ አመጣች። ደብዳቤ ስንጽፍ ከታች «ግልባጭ» ብለን የምንደረድረው ቅደም ተከተል አለ አይደል፣ እሱን እንውሰድ አለች። ሁሉም ሰው ተነፈሰ። በግልባጭ ተራ ማንም ተቀይሞ አያውቅም።

እንዲህ ሆነ፦ አንድ፣ የኃላፊ ጽሕፈት ቤት። ሁለት፣ አስተዳደር። ሦስት፣ የሰው ሀብት። አራት፣ ዕቅድ። አምስት፣ መሰብሰቢያ አዳራሽ (አዳራሽ ግልባጭ አይጻፍለትም፣ ግን ከጽሕፈት ቤቱ አይለይም ተባለ)። ስድስት፣ ላቦራቶሪና ፋርማሲ ባንድ ላይ፣ እንዳይጣሉ። ሰባት፣ ማዋለጃ። ስምንት፣ የውሃ ፓምፕ። ክትባት ለብቻው ክፍል ስላልሆነ ግልባጭ ደርሶት አያውቅም፤ ተረስቶ ነበር። ኋላ ላይ አንድ ሰው አስታወሰና በእስክርቢቶ ዘጠኝ ብለው ጨመሩት።

ፍሪጁ እኮ ድሮ የራሱ ሶላር ነበረው። አንድ ፓኔል፣ ለእሱ ብቻ። ሁሉም ወደ አንድ ይግባ ተባለና እኔው በገዛ እጄ ነቅዬ ከጋራው ጋር ገጠምኩት።

ዝርዝሩን ወደ ሳጥኑ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። «ያረጋገጠው ባለሙያ» የሚል መስመር ነበረው። ፈረምኩ። ስህተት መሆኑን አውቅ ነበር? አውቅ ነበር። መስከረም ነዋ፣ ዝናቡ ገና አልወጣም፣ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ማንም የአየር ማቀዝቀዣ አይከፍትም፣ ኃይሉ ለሁሉም ይተርፋል። ኋላ እናስተካክለዋለን ብዬ ነው።

አሁን መጋቢት ነው። ከስምንት ሰዓት በኋላ አምስት ቢሮ ማቀዝቀዣውን ይለቀዋል፣ ሰማዩ ጭጋግ ለብሷል፣ የመስመሩ መብራት የለም። ሳጥኑም የተነገረውን ይሠራል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

የክትባት ቀን ነው። ለእናቶቹ የነገራቸው የለም፤ በምን ይነገራቸው።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ሞሉ። ከባሮ ማዶ የመጡ አሉ፣ ከመንገድ ሥራው ሠፈር የመጡ አሉ፣ እንደ እናቴ ከወሎ መጥተው በሠፈራ የቀሩ ሰዎች ልጆችም አሉ። ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። ኛዳክ ወጥታ በኑዌርኛ ነገረቻቸው፣ ከዚያ በአኙዋክኛ በምትችለው ያህል፣ ከዚያ በአማርኛ። «ክትባት የለም። ተበላሽቷል። ይቅርታ።» በሦስቱም ቋንቋ ይቅርታ ጠየቀች። ማንም ጠይቂ አላላትም።

አንዲት ሴት ልጇን አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችና እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። «ሌሊት ነው የተነሳሁት፣ አሁን በፀሐይ አልመለስም» አለች። እስከ አመሻሹ ድረስ እዚያው ነበረች። በቆርቆሮ ኩባያ ውሃ ሰጠኋት። ውሃ ስሰጣት አመሰገነችኝ፣ ያኔ ነው የከፋኝ።

በእሷ ሠፈር ኩፍኝ ገብቷል ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። መጠየቅ ፈራሁ።

ኛዳክ መልሷን ጽፋ አስገብታለች። አሳየችኝ። አንድ መስመር ተኩል ነው፦ «ከሰዓት በኋላ መብራት ይጠፋ ነበር። እኔ በሩን አልከፈትኩም።»

«ሌላ አትጨምሪም?» አልኳት።

«ሌላውን አንቺ ታውቂያለሽ» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ መጋቢት 5



ከቢሮ እንግዶች መጥተው ነበር፣ ስለ ክትባቱ ጉዳይ። አዳራሹ ውስጥ ሁለቱም ማቀዝቀዣ ተከፈተ። የኃላፊው ቢሮ ደግሞ እንግዶቹ ለሻይ ሲገቡ ቀዝቅዞ እንዲቆያቸው ሰው በሌለበት ተከፍቶ ቀረ። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ሳጥኑ ዘጠኝን ቆረጠ። ያው ባዶ ፍሪጅ ነው። ብዙም ሳይቆይ ስምንትን፣ ፓምፑን ቆረጠ። ቀጣዩ ሰባት ነው።

ስክሪኑ ፊት ቆሜ ነበር። ሰባት ማዋለጃ መሆኑን አውቃለሁ። ማዋለጃ ውስጥ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ከጎግ በኩል በአምቡላንስ የመጣች እናት መውለዷን አውቃለሁ፣ ሕፃኑ መተንፈስ አቅቶት ኦክስጅን በምታመርተው ማሽን ላይ መሆኑንም አውቃለሁ። አዋላጇ ሲስተር አሪየት ጠዋት አግኝታኝ «ሙሉ፣ ዛሬ መብራት እንዳታሳጪኝ» ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ «እሺ፣ አይዞሽ» ብያታለሁ። ከአንገት በላይ ነበር።

የማሽኗ ጩኸት በግቢው ተሰማ። መብራት ሲቋረጥባት ነው እንዲያ የምትጮኸው። ሳጥኑ ሰባትን ቆርጧል። አሪየት በሩ ላይ ወጥታ ወደ እኔ ክፍል አየች። ከዚያ ተመልሳ ገባች፣ ለሕፃኑ በእጅ አየር ልትነፋለት።

የይለፍ ቃሉ እኔ ዘንድ ነው። ያለ ኮሚቴው ውሳኔ ዝርዝሩን መንካት ክልክል ነው፣ ይህም ላይ ፈርሜያለሁ። ማዋለጃን አንድ አደረግሁት። ፍሪጁን ሁለት። ፓምፑን ሦስት። ላቦራቶሪውን አራት። ከዚያ ጽሕፈት ቤቶቹን ከታች ወደ ላይ ደረደርኩና የኃላፊውን ቢሮ ዘጠኝ ላይ ጻፍኩ። እሺ የሚለውን ተጫንኩ።

የማዋለጃው ማሽን ጩኸቱን አቆመ። አዳራሹ ጨለመ፣ መጋረጃው ዝግ ነበርና። እንግዶቹ ላብ በላብ ሆነው ወጡ።

አቶ ግርማ ሮጥ ሮጥ እያሉ መጡ። «ማነው ይህን የነካው?»

«እኔ ነኝ።»

«መልሺው። አሁኑኑ።»

«በጽሑፍ ይስጡኝ» አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። «የኃላፊ ጽሕፈት ቤት ከማዋለጃ እንዲቀድም ታዟል ብለው ይጻፉልኝና ወዲያው እመልሳለሁ።»

እንግዶቹ በረንዳው ላይ ቆመው ይሰማሉ። አቶ ግርማ እስክርቢቷቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ያዟት። መልሰው ከተቷት። ለዚህ የሚፈርም ሰው እንደሌለ ያኔ ገባኝ፤ መስከረም ላይ ሁላችንም በአንድነት ፈርመናል፣ ለብቻው ግን ማንም አይፈርመውም።

ሕፃኑ ማምሻውን መጥባት ጀምሯል። አሪየት መጥታ «ጠባ» አለችኝና ሄደች። ይህችን አንዲት ቃል ዛሬ ማታ ይዣት እተኛለሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ይዣት አልተኛሁም።

አቶ ግርማ ትናንት እንግዶቹን ከሸኙ በኋላ የኛዳክን ደብዳቤ ፈርመዋል። ከሥራ ታግዳ ጉዳይዋ እንዲጣራ ይላል። እኔ ስክሪኑ ፊት ጀግና ሆንኩ ስል፣ እሳቸው ከማንጎው ሥር ወንበር አስወጥተው፣ እዚያው ሲፈርሙ ነበር። ዛሬ ጸሐፊዋ ናት የነገረችኝ። «የአንቺም ማስጠንቀቂያ ተጽፏል፣ ሰኞ ይደርስሻል» አለችኝ። የኔው ማስጠንቀቂያ ነው። የእሷ እገዳ ነው። የእንጀራ ገመዷ ነው የተበጠሰው።

እስካሁን ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ። በዚህ ደብተር እንኳ ሸፋፍኜው ነው ያለፍኩት።

ኛዳክ ነግራኝ ነበር። ክትባቱ ሳይበላሽ ባለፈው ሳምንት። በመጀመሪያ በር ላይ አግኝታኝ «ሙሉ፣ ፍሪጁ ከምሳ በኋላ ይሞታል» አለችኝ። የሳጥኑ ሥራ ነው፣ ተመልሶ ይመጣል አልኳት። በማግሥቱ ደገመችልኝ። እሺ አየዋለሁ አልኳት። በሦስተኛው ቀን ቴርሞሜትሩን ይዛ እክፍሌ ድረስ መጣች። ምሳ እየበላሁ ነበር። «ኮሚቴው ካልወሰነ እኔ ምን ላድርግ» አልኳት። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። እሷ ቴርሞሜትሩን እንደያዘች ተመለሰች።

ዓርብ ዕለት በአንድ ደቂቃ ያደረግሁትን በዚያን ቀን ማድረግ እችል ነበር። ጣት ነው እንጂ የሚፈልገው ሌላ ምንም አይፈልግም።

እሑድ፣ መጋቢት 7

ቅዳሴ ሄድኩ። ምን እንደተባለ አልሰማሁም።

ለእናቴ ደወልኩ፣ አቦቦ አጠገብ ያለው ሠፈር ነች። ሩዙን፣ ሙቀቱን፣ የጎረቤቷን ላም አወራችኝ። ከዚያ «ድምፅሽ ደህና አይደለም፣ ጾሙ ነው?» አለች። ሁሉንም ነገርኳት። ዝርዝሩን፣ ፍሪጁን፣ ኛዳክን። ሳታቋርጠኝ ሰማች፣ ይህ ብርቅ ነው።

«እና አንቺ ፈርመሽበታል?»

«ፈርሜያለሁ።»

«ልጅቷ ነግራሽ ነበር?»

«ነግራኝ ነበር።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፣ ሙልዬ። እኔ ያልሰማሁትን የሰማሽው አንቺ ነሽ።» ከዚያ ስለ ላሟ ቀጠለች።

ከሰዓት በኋላ ለአቶ ግርማ ጥፋቱ የኔ እንጂ የኛዳክ አይደለም የሚል ደብዳቤ ጻፍኩ። ቀደድኩት። እንደገና ጻፍኩ። ሁለተኛው ከአንደኛው ያንሳል፣ ይሻላልም። ነገ አስገባለሁ። ነገ ደግሞ ሌላ ምክንያት እንዳልፈጥር ቦርሳዬ ውስጥ ከቤት ቁልፌ ጋር አስሬዋለሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ጠዋት ማስጠንቀቂያዬ ደረሰኝ። ከታች ግልባጭ አለው፦ ለኃላፊ ጽሕፈት ቤት፣ ለአስተዳደር፣ ለሰው ሀብት፣ ለዕቅድ፣ ለላቦራቶሪና ፋርማሲ፣ ለማዋለጃ። ተራውን አልሳተም። ክትባት አሁንም የለበትም።

አራት ሰዓት ላይ ርክክብ ሆነ። የክትባት ክፍሉን ንብረት ከኛዳክ የሚረከብ ሰው ጠፍቶ፣ ፍሪጁን የምታውቀው ሙሉ ናት ተብሎ፣ እኔ ተመደብኩ። የሚሳቅ ቢሆን እስቅ ነበር።

አንድ ፍሪጅ። ሁለት የበረዶ ሣጥን። አንድ ቴርሞሜትር። አንድ ቁልፍ። አንድ የሙቀት መመዝገቢያ ደብተር። ኛዳክ እያንዳንዱን በእጇ አነሳችና ሰጠችኝ፣ እኔ ቅጹ ላይ ምልክት አደረግሁ። ደብተሩ ላይ ስንደርስ ከፈትኩት። ቀን፣ የጠዋት ሙቀት፣ የከሰዓት ሙቀት፣ ፊርማ፣ አስተያየት። በዚያ ባለፈው ሳምንት ገጽ ላይ የከሰዓቱ ቁጥር በየቀኑ ከፍ ይላል። በአስተያየቱ ዓምድ በዚያች ባማረች ጽሑፏ፦ «መብራት የለም። ለሙሉ ነገርኩ።» በማግሥቱ፦ «መብራት የለም። ለሙሉ ነገርኩ።» ከዚያ፦ «ለሙሉ ነገርኩ።»

«ይህን ለአቶ ግርማ አላሳየሽም?»

«አልጠየቁኝም።»

«ኛዳክ፣ ለምን አልተናገርሽም? ማክሰኞ ስብሰባው ላይ እኮ...»

«አንቺም እዚያ ነበርሽ» አለች። «አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅሁ።»

ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ በማንጎው ሥር በኩል ሄደች። የትንሹ ልጇ ትምህርት ቤት የሚለቅበት ሰዓት እየደረሰ ነበር።

ፍሪጁ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ ሠራ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላም ሠራ፤ ዝርዝሩን መልሺ ያለኝ የለም፣ እኔም አልመለስኩም። ሁለተኛ ነው አሁን። በሩን ከፍቼ አየሁት። ቀዝቃዛ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ባዶ ነው። አዲስ ክትባት መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። መመዝገቢያው ላይ የዛሬን ቀን ጻፍኩ፦ ጠዋት አራት ዲግሪ፣ ከሰዓት አራት ዲግሪ።

ከዚያ ገጹን ወደ ኋላ ገለጥኩና ከኛዳክ ሦስት መስመሮች ሥር «እውነት ነው፣ ሦስት ጊዜ ነግራኛለች» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ከመስከረሙ ፊርማ ይልቅ ይህኛው ቀስ ብሎ ነው የወጣው።

ደብተሩንና ደብዳቤዬን ይዤ አቶ ግርማ ጋ ገባሁ። ማቀዝቀዣው ጠፍቷል፤ ቢሮው ዘጠነኛ ነው። መስኮቱን ከፍተው፣ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተጣብቆ፣ በአንድ የካርቶን ፋይል ራሳቸውን ያራግባሉ። ፋይሉ የኛዳክ ነበር። ደብዳቤዬን አነበቡ። ደብተሩን አነበቡ። ገጹን ገልጠው ደግመው አነበቡ።

«ይህ አንቺን ነው የሚጎዳው» አሉ።

«አውቃለሁ።»

ማራገባቸውን አቆሙ። ፋይሉን ከፈቱና የእኔን ደብዳቤ ከእሷ እገዳ ላይ አስቀመጡት፣ ከሥሩ ሳይሆን ከላይ። «ተዪው፣ አየዋለሁ» አሉኝ።

እኔም ለኛዳክ ያልኳት ይህንኑ ነበር። ነገ ጠዋት ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። ከነገ ወዲያም።